አሥር በመቶ

እኩለ ሌሊት ነው፤ ጥቅምት ገብቶም አጅማን አልበረደም፤
ማቀዝቀዣው ያቃስታል፤ ማንንም እንቅልፍ አልወሰደም።
ከመቀሱ አጠገብ ስልኬ ተንዘፈዘፈ፣
ከባንክ ነው መልእክቱ፣ በአንድ መስመር የተጻፈ፦
ትርፍ ድርሻ፣ ስድስት ሺህ ከአራት መቶ ብር፤
ተቀናሽ፣ ስድስት መቶ አርባ፤ ምክንያት፣ ግብር።

አርባ አክሲዮን ነው ያለኝ። ሳልሚያ ሳለሁ ገዛሁት፣
የእመቤቴን መጋረጃ ስሰፋ ባጠራቀምኩት።
ወንድሜ «በሬ ይሻላል» ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁት።
በሬ ያረጃል፤ ይታረዳል፤ ወረቀቱን መረጥኩት።

ኮንትራቱ ሲያልቅ ሻንጣዬን አሰርኩ፤
ከዓረብ ወደ ዓረብ ባሕሩን ተሻገርኩ፤
አባያ ቤት ገባሁ፤ ባለ መኪና ሆንኩ፣
የስፌት ነው እንጂ።

«እዚህ አገር ግብር የለም» ይለኛል ሳሺ፣ ከሥር ያለው፣
የግሮሰሪውን ሂሳብ የሚሠራ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ያንጠለጠለው፤
«የነዋሪነት ወረቀት አውጪና ላኪላቸው፤
እዚያ አትኖሪ! በምን ሕግ ይቆርጣሉ? ጠይቂያቸው።»

ሰልፍ ያዝኩ። የጸሐፊውን፣ የተርጓሚውን፣
የማኅተሙን፣ የቴምብሩን፣ የታክሲውን፣
ሁሉን ከፈልኩ። ደምሬ ሳየው ግን ማታ
ከሃያ ዓመት ግብሬ በለጠ የወረቀቷ ውለታ።

ላክሁት። ሳምንት ቆየ። ከአክሲዮን ክፍል ተደወለ፤ አነሣሁ፤ አንዲት ልጅ አለች፤
ድምፅዋ ገና ጮርቃ ነው፤ «ስንዱ እባላለሁ» አለች።
«እትዬ ጦይባ፣ ወረቀትዎ ደርሶኛል፤ ቆንጆ ነው።
ግን የሄዱት እርስዎ ነዎት። ብሩ መቼ ሄደ? እዚሁ ነው።»

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ቀረና ዝም አልኩ።
መቀሱን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩ።

የእመቤቴ እናት ጦይባ ነበረች፤ ስሟ በቤቱ ሲጠራ
ሁለት «አቤት» አይሆንም ብለው ሰባት ዓመት አሉኝ ኑራ።
አጅማን ደግሞ መታወቂያዬ ላይ ይመር «ዑመር» ሆኖ ቀረ፤
አባቴ እንኳ አልሰማ፤ ቀድሞ ተቀበረ።
ከሚሴ ያለው መሬት በወንድሜ ስም ተለካ፤
የቤተሰብ ቅጹ ላይ እኔን «የለችም» ይላል ለካ።
አንድ መዝገብ ብቻ አለ ሳያጓድል የጻፈኝ፣
ጦይባ ይመር አሊ ብሎ፣ በየዓመቱ የሚቀንሰኝ።

ዘካዬን እሰጣለሁ፣ ከአርባ አንድ፤ ደረሰኝ የለው፤ አብሮኝ ይሄዳል፤
ኩዌትም አጅማንም ያው ነው፤ ከላይ ያለው ይቆጥረዋል።
ይሄኛው ግን እዚያው ነው፤ ቦታውን አይለቅም፤
ይቆርጠኛል እንጂ የት እንዳለሁ አይጠይቅም።

አልቆጨኝም ልበል? ስድስት መቶ አርባ ብር
የእህቴ ልጅ ጫማ ነው፤ ውስጤን ይለዋል ቅር።
«ለአገር ነው» የሚለውን ለሌላ ሰው ተዉለት፤ የእኛን መንገድ አውቀዋለሁ፤
ቦርከና ሲሞላ፣ እህቴን ምጥ ይዟት፣ ዳር ላይ አብሬያት አድሬአለሁ።
ለግብር ይውጣ እንኳ ድልድይ የጣለልን የለም፤
ይህን ለስንዱ አልነገርኳትም፤ የሷ ጥፋት አይደለም።

ባለፈው ሐሙስ ደንበኛ መጣች፤ እጅጌው ሰፍቷታል፤ «ለነገ» አለች፤
ለልኬት የሚሆን ወረቀት አጣሁ። ያቺ መሳቢያ ውስጥ አለች፣
ወፍራም፣ ነጭ፣ ጭልፊቱ አናቷ ላይ የተቀመጠ።
ዘረጋኋት። በኖራ አሰመርኩ። መቀሱ ሳይንገራገር ቆረጠ።

አሁን የቀኝ እጅጌ ናት፤
ከሚስማሩ ላይ ትንጠለጠላለች፤
ክርን በሚታጠፍበት በኩል
«ነዋሪ» የሚለው ቃል
ለሁለት ተከፍሏል።